የእትዬ ቬርና ባል ሱፍ ይበላል

በኦሃዮ ምድር ባሏ የሞተባት ሴት ሁሉ ባሏን መልሳ ታገኘዋለች። ቀይ ወፍ ሆኖ ይመጣል። ካርዲናል የሚባለው፣ ጉትያው የቆመ፣ ፊቱ ላይ ጥቁር ጭንብል ያጠለቀ የመሰለ ወፍ ነው። ቀብሩ ባለፈ በሳምንቱ፣ ቢዘገይ በወሩ፣ አጥር ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ሚስትዬዋም የሰሃን ማድረቂያ ጨርቋን እንደያዘች መስኮት ላይ ትቆምና "መጣልኝ" ትላለች። አርባ ዓመት ሙሉ "ምናለ ቆሻሻውን እንኳ ብታወጣ" እየተባለ የኖረ ሰውዬ፣ ከሞተ በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ ምግብ ደጁ ድረስ ይቀርብለታል።

እንዲህ ዓይነት ሴት ከየሰፈሩ አትጠፋም። በእናንተም መንገድ ላይ ትኖራለች። ጓሮዋ ውስጥ ስምንት የወፍ መመገቢያ ተሰቅሏል፣ ወፎቹን በስማቸው ትጠራለች፣ ድመታችሁን እንደ ወንጀለኛ ታያለች። በእኛ መንገድ ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት እትዬ ቬርና ሆልኮም ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ዘጠኝ፣ ቁመታቸው ከሣር ማጨጃ እጀታ ብዙም የማይበልጥ፣ ማዕረጋቸው የሰፈሩ አእዋፍ የበላይ ጠባቂ። ማዕረጉን የሰጣቸው ሰው የለም። በምን ሥልጣን ብሎ የጠየቃቸውም የለም።

የእኔና የእሳቸው ቤት በአንድ አጥር ነው የሚለያየው። እኔ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ገብቼ ለአራት መቶ ልጅ ምሳ እሠራለሁ። ከሰዓት ቤቴ ስገባ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እግሬን ወንበር ላይ መስቀል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረቤት ሆነን አንድም ቀን በወጉ ሰቅዬው አላውቅም፤ ልክ ስቀመጥ አጥሩ ይንኳኳል።

"ዳርላ፣ ድመትሽ መስኮት ላይ ናት።"

"ቤት ውስጥ እኮ ናት እትዬ ቬርና።"

"እሱን አየሁ። አስተያየቷን ነው ያልወደድኩት። ሎይድ ምግቡ አልወርድ ብሎታል።"

አቶ ሎይድ ባላቸው ናቸው። በሕይወት ሳሉ መሀል ከተማ ሱቅ ውስጥ ሚስማርና ቀለም ይሸጡ ነበር። ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን ሱፍ ይበላሉ።

ስለ ሱፉ ልንገራችሁ፤ እኔም የማውቀው ሳልጠይቅ ተነግሮኝ ነው። ለካርዲናል የሚሰጠው የሱፍ ፍሬ ነው፤ መራራ ስለሆነ ሽኮኮና ጥቁሮቹ ሌባ ወፎች አይደፍሩትም። የመመገቢያው ሳጥን ሰፊና ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ካርዲናል እንደ ሌላው ወፍ ዘቅዝቆ ተንጠልጥሎ አይበላም፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው የሚበላ። ከሁሉ ቀድሞ ጎህ ሲቀድ ይመጣል፣ ከሁሉ በኋላ ሲመሽ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱም ጊዜ ሳጥኑ ሙሉ መሆን አለበት። በየሁለት ሳምንቱ ይታጠባል። በክረምት የሚጠጣው ውሃ በረዶ እንዳይሆን ይሞቅለታል። ዳቦ ክልክል ነው። የፓስተራችን ሚስት አንድ ጊዜ የዳቦ ፍርፋሪ ሣሩ ላይ በትነው እትዬ ቬርና ሦስት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰላም አላሏቸውም።

"ሰው መርዞ መዝሙር መዘመር ምን ይባላል?" አሉኝ።

"ዳቦ እኮ ነው።"

"ለወፍ ዳቦ ምንድን ነው? ሆድ መሙያ ነው። ሎይድ ደግሞ ከድሮም ሆዱ ደካማ ነበር።"

ማርች ሲመጣ ሌላ ጉድ አለ። ወንዱ ካርዲናል በማርች ግዛቱን ይከልላል። ሌላ ወንድ ካየ ይደባደባል፣ ሌላ ወንድ ካጣ መስታወት ውስጥ ያለውን ራሱን ይደበድባል። የባሌ የሮይስ ፒካፕ ስፖኪዮ ላይ ተቀምጦ ከንጋት እስከ ሁለት ሰዓት ራሱን ሲዠልጥ ያረፍዳል፤ በሩን ደግሞ ከላይ እስከ ታች ነጭ በነጭ ያደርገዋል። በእኛ ሰፈር መድኃኒቱ ካልሲ ነው። ከማርች እስከ ጁን መኪናው ሁሉ በሁለቱም ጆሮው ካልሲ አጥልቆ ይቆማል። ካልሲ የሚያድሉት እትዬ ቬርና ናቸው፤ ከአቶ ሎይድ መሳቢያ። የእኛ ፒካፕ የሟችን የእሑድ ካልሲ ለብሶ ይታያል፤ ጥቁር፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ግራጫ መስመር ያለው።

"ለምንድን ነው የእኛን መኪና ብቻ የሚመርጠው?" አለ አንድ ቀን ሮይስ።

እትዬ ቬርና ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። "መሰላሉን መቼ መለስክ?"

ሮይስ ከዘመናት በፊት ከአቶ ሎይድ መሰላል ተውሶ ነበር፤ ጋራዣችን ጥግ ላይ ቆሟል። በዚያው ቀን መለሰ። በማግስቱ ወፉ ካልሲውን ገፍፎ ስፖኪዮውን መደብደብ ቀጠለ።

"ይቅርታ አልጠየቅክማ" አሉ እትዬ ቬርና።

ባሌ የስድሳ ዓመት ሰው ነው። በጠዋት ባርኔጣውን አውልቆ መኪናው ፊት ቆመና "ሎይድ፣ ስለ መሰላሉ ይቅርታ" አለ። ወፉ አየት አደረገውና ወደ ሥራው ተመለሰ።

"ከልቡ አይደለም" አሉ እትዬ ቬርና። "ሎይድ ያውቃል።"

ነገሩ እንዲህ በቀልድ ያልፍ ነበር፤ አምና ጃንዋሪ ላይ ግን ሌላ መልክ ያዘ። ጠዋት ወደ ሥራ ልሄድ መኪናዬን ላሞቅ ስወጣ፣ እትዬ ቬርና መመገቢያው ሥር በረዶው ላይ በጀርባቸው ተዘርግተው አየኋቸው። የሱፉን ኩባያ በአንድ እጃቸው ወደ ሰማይ ከፍ አድርገው ይዘዋል። አንድ ፍሬ አልፈሰሰም።

"እትዬ ቬርና፣ ምን ሆኑ?"

"ቀስ በይ፣ እየበላ ነው።"

"ላንሳዎት።"

"ይጨርስ።"

ወፉ እስኪጨርስ በረዶ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ለምን እንደጠበቅኩ ዛሬም አላውቅም። የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ነበር።

ወሬው ኦሬገን ያለው ልጃቸው ከርቲስ ጋ ደረሰ። ከርቲስ ጥሩ ልጅ ነው፤ ከተማ አውቶቡስ መሥሪያ ቤት ውስጥ የጉዞ ሰዓት የሚያወጣ፣ ሁሉ ነገር በሰዓቱ እንዲሆን የሚፈልግ ሰው። ደወለልኝ።

"ዳርላ፣ ሰው በረዶ ላይ ወድቆ 'ይጨርስ' የሚል ከሆነ ብቻውን መኖር የለበትም። ተሳሳትኩ?"

"አልተሳሳትክም።"

"ኦገስት ላይ መጥቼ እወስዳታለሁ፤ ክፍሏን አዘጋጅቻለሁ። እሷ ግን 'አባትህን ትቼ አልሄድም' ነው የምትለው። ኦሬገን ውስጥ ካርዲናል የለም አሉ። አንቺን ትሰማሻለች። ወፍ መሆኑን ብቻ ንገሪያት።"

እሺ አልኩት። ለእሱ ብዬ ብቻም አይደለም። ቤታቸው ባዶ ሆኖ፣ አጥሩ ጸጥ ብሎ፣ እግሬ ወንበር ላይ ተሰቅሎ ታየኝ። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ቢሆንም ወፍን ከሰው መለየት ያን ያህል ትምህርት የሚጠይቅ አልመሰለኝም።

በዕድሜ ጀመርኩ። "እትዬ ቬርና፣ የዱር ካርዲናል ብዙ ጊዜ ሦስት ዓመት ቢኖር ነው ይላሉ። ይሄኛው ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ወፍ ሊሆን አይችልም እኮ።"

"ሎይድንም ሐኪሙ ስድስት ወር ነው የቀረህ ያለው። አሥራ አንድ ዓመት ኖረ። ሲነግሩት አይሰማም።"

ተውኩት። ኤፕሪል ላይ ግን በሩ ራሱ ተከፈተልኝ። አጥሩ ተንኳኳ። ማንኳኳታቸው የወትሮው አልነበረም።

"ነይ እስቲ ይሄን እዪልኝ።"

ወንዱ ሳጥኑ ላይ ነው። አጠገቡ ሴቷ አለች፤ ሴቷ ካርዲናል ቀይ አይደለችም፣ ጠየም ያለች ቡናማ ናት፣ ምንቃሯ ብቻ እንደ ብርቱካን ይደምቃል። ወንዱ አንድ ሱፍ አነሳ፣ ፈለፈለ፣ ልጣጩን ጣለ፣ ዘለል ብሎ ተጠጋና አንገቱን ዘንበል አድርጎ አፏ ውስጥ አጎረሳት። መውደዱን የሚነግራት እንዲህ ነው። ደግሞ ሌላ አነሳ። ደግሞ አጎረሳት።

"አርባ ሦስት ዓመት" አሉ እትዬ ቬርና። "አንድ ቀን እንኳ ጨው አቀብሎኝ አያውቅም።"

"እንግዲያው እሱ አይደለማ" አልኩ ፈጠን ብዬ። "አቶ ሎይድ እንዲህ አያደርጉም ነበር።"

"ነው እንጂ። እኔን ነው እንጂ ያላጎረሰው፣ ማጎረስስ ያውቅበታል። ያቺን አወቅሻት?"

"ማንን?"

"ጠይሟን። አፏን የቀባችውን። ማቪስ ናታ። ሱቁ ውስጥ ሒሳብ ትቀበል የነበረችው።"

"ማቪስ እኮ አልሞተችም እትዬ ቬርና። ፍሎሪዳ ናት።"

"ታዲያ ወፍ አይደለች? በርራ መጣች።"

በዚያው ከሰዓት ሱፉ ከሳጥኑ ተነሳ። ምትኩ ካርዲናል ዞር ብሎ የማያየው ጥቃቅን ዘር ተደረገ። መስኮታቸው ላይ መጋረጃ ወረደ። እትዬ ቬርና ባላቸውን ፈቱ። ወሬውን ለከርቲስ ስነግረው ስልኩ ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት። "ዳርላ፣ አንቺ ተአምረኛ ነሽ" አለኝ። እኔ ምንም አላደረግኩም፤ ማቪስ ናት። ግን ምስጋናውን ተቀበልኩ። በሳምንቱ እትዬ ቬርና ካርቶን ጠየቁኝ፤ ሳሎን ያሉትን ሰሃኖች በጋዜጣ እየጠቀለሉ መክተት ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ አጥሩ ዘጠኝ ቀን አልተንኳኳም። እግሬን ወንበር ላይ ሰቀልኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ጆሮዬ ግን አጥሩ ላይ ቀረ።

በአሥረኛው ቀን ወፉና ማቪስ መኖሪያ ቀየሩ። የእኔ ዋናው በር አጠገብ ደረቴ የሚደርስ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ አለ፤ እሱ ውስጥ ጎጆ ሠሩ። ሥራውን የሠራችው ማቪስ ናት፤ ጭራሮውን በምንቃሯ ትሰብራለች፣ እግሯ ሥር እየከተተች በደረቷ ታከብበዋለች። እሱ አጠገቧ ቆሞ ያያል። ለእትዬ ቬርና አልነገርኩም። መንገር አላስፈለገም። ጎጆው ባለቀ በሳምንቱ ከሰዓት ስመለስ በረንዳዬ ላይ መጋረጃ የሚያህል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። "ሴት ታቅፋለች። በሹክሹክታ ተናገሩ" ይላል።

እትዬ ቬርና ከቁጥቋጦው ማዶ በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከዋል። "ሦስት እንቁላል" አሉኝ በሹክሹክታ። "በዚህ በር ከእንግዲህ ማንም አይገባም አይወጣም።"

"ቤቴ እኮ ነው።"

"አሥራ ሁለት ቀን ለመታቀፍ፣ አሥር ቀን ጫጩቶቹ ከጎጆ እስኪወጡ። ሃያ ሁለት ቀን ምንድን ነው? እኔ ከርቲስን ዘጠኝ ወር ነው የተሸከምኩት።"

"ከእነሱ ጋር ተጣልተው አልነበር እንዴ?"

"ከሎይድ ጋር ነው የተጣላሁት። እንቁላሎቹ ምን አደረጉ?"

የኋላ በራችን በክረምቱ እርጥበት አብጦ አልከፈት ብሏል፤ ሮይስ ነገ እጠግነዋለሁ ይላል። ስለዚህ ለሃያ ሁለት ቀን በልብስ ማጠቢያው ክፍል መስኮት ገባን ወጣን። እኔ እንደምንም እሾልካለሁ። ሮይስ ግን ሁለት ሰው የሚያክል ሰው ነው። በሦስተኛው ቀን ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ ተቀረቀረ። እኔ ከውስጥ እጁን እስባለሁ፣ እትዬ ቬርና ከውጭ ሆነው ትእዛዝ ይሰጣሉ።

"ትንፋሽህን አውጣ።"

"ካወጣሁ ቆየሁ እኮ።"

"ቀስ ብለህ ተናገር። ማቪስ ደንግጣ ብትነሳ እንቁላሉ ይበርድባታል።"

"የኔ ጀርባስ?" አለ ሮይስ በሹክሹክታ።

ድመቴ ብስኩት የቤት እስር ተፈረደባት፤ የተዘጋባት ክፍል ቁልፍም እትዬ ቬርና ዘንድ ተቀመጠ። ማቪስ ጎጆዋ ላይ ሆና ትዘፍናለች። በወፍ ዘንድ ሴቷ መዝፈኗ ብርቅ ነው አሉ፤ የካርዲናል ሴት ግን ትዘፍናለች። ስትዘፍን ወንዱ ምግብ ይዞ ከች ይላል።

"ማዘዟ ነው" አሉ እትዬ ቬርና፣ በረንዳዬ ደረጃ ላይ ተቀምጠው። ደግሞ "ጎበዝ ናት። እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አዝዤው አላውቅም። ራሱ ይገባዋል ብዬ ስጠብቅ ነው ዘመኔ ያለቀው" አሉ።

ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ፤ በአሥረኛው ቀን በደንብ መብረር ሳይችሉ ከጎጆው ወረዱ። በዚያን ቀን ጡረታ የወጣው ፖስተኛችን ዴልበርት ፈንክ የጫማ ካርቶን አቅፎ መጣ። ውስጡ ጭራ የሌለው፣ የተቆጣ ፊት ያለው ጫጩት አለ።

"ወላጅ የሌለው አገኘሁ" አለ። "መንገድ ዳር ብቻውን ነበር፤ ቤት ወስጄ ላሳድገው ነው።"

"አባቱ ከኋላህ ቆሟል" አሉ እትዬ ቬርና።

ዴልበርት ዞረ። ወፉ ሽቦው ላይ ሆኖ ችክ ችክ ይላል፤ ምንቃሩ ላይ አረንጓዴ አባጨጓሬ ተንጠልጥሏል።

"መሬት ላይ የሚወርዱት መብረር እስኪለምዱ ነው። ዘመድ የላቸውም ማለት አይደለም። የዱር ወፍ ቤት ማስገባት ደግሞ በሕግም ያስጠይቅሃል። ካገኘህበት ቁጥቋጦ ሥር መልሰው።"

"እጄ ከነካው በኋላ እናቱ የሰው ሽታ ሸትቷት አትቀበለውም አሉ።"

"ወፍ እንዳንተ ሚስት ሽታ አትለይም። መልሰው።"

መለሰው። ከዚያ ወዲያ ማቪስ ሁለተኛ ጎጆ ልትሠራ ሄደች፤ ካርዲናሎች እንዲህ ናቸው፣ ሴቷ ለሚቀጥሉት ትዘጋጃለች፣ የመጀመሪያዎቹን አባት ይረከባል። ሦስቱ ክንፋቸውን እያርገፈገፉ ይጮሃሉ፣ እሱ አንዱን ሲያጎርስ ሁለቱ ያሳድዱታል። ከንጋት እስከ ምሽት አይቀመጥም። እትዬ ቬርና ሁለት ቀን ሙሉ አዩት።

"ከርቲስ ሲወለድ" አሉኝ፣ "ዳይፐር በየት በኩል እንደሚገባ አያውቅም ነበር።"

ወፉ ሌላ አባጨጓሬ ይዞ ተመለሰ።

"እየተማረ ነው።"

በማግስቱ ሱፉ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ። ሰሃኖቹም ከካርቶኑ ወጡ። ለከርቲስ ደውዬ ነገሩ ትንሽ ተበላሽቷል አልኩት። "ኦገስት አሥራ አራት እመጣለሁ፤ ቫን ተከራይቻለሁ" አለና ዘጋው።

በሰዓቱ መጣ። እትዬ ቬርና ዶሮና የበቆሎ ዳቦ ሠርተው እኔንም ሮይስንም ጠሩን፤ ከልጃቸው ጋር ብቻቸውን መቀመጥ ፈርተው እንደሆነ ገባኝ። ሁላችንም በመስኮቱ በኩል ተቀመጥን። ከርቲስ እንደ ባለሙያ ነው የተዘጋጀው፤ ከኪሱ ፎቶ አወጣ።

"እማዬ፣ እዪ። ኦሬገን ውስጥም ቀይ ወፍ አለ። ይሄ ራሱም ደረቱም ቀይ ነው። በረንዳዬ ላይ በየቀኑ ይመጣል።"

እትዬ ቬርና መነጽራቸውን አድርገው በደንብ ተመለከቱ። "ይሄ አባትህ አይደለም" አሉ ፎቶውን እየመለሱ። "የሌላ ሴት ባል ነው። እኔ የሰው ባል አልመኝም።"

"እማዬ፣ አባዬ መቃብር ነው ያለው።"

በዚህ መሀል ወፉ መጣ። ከርቲስ ሹካውን አስቀመጠ።

ወፉ አንገቱ ድረስ ቀይ ነው፣ ከአንገቱ በላይ ግን አንድም ላባ የለውም። ጥቁር የተሸበሸበ ቆዳ፣ የጆሮው ቀዳዳ ሳይቀር የሚታይ፣ ትንሽ ጥንብ አንሳ የመሰለ ራስ። ጉትያው የለም። በኩራት ግን ምንም አልቀነሰም፤ ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ሱፍ ይፈለፍላል።

"ምን ሆኖ ነው? ታሞ ነው?"

"ላባ እየቀየረ ነው" አሉ እትዬ ቬርና። "አንዳንዱ በኦገስት ሙልጭ ይላል። እስከ ኦክቶበር ይበቅልለታል። አባትህም በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው የተመለጠው፤ ለእሱ ግን አልበቀለለትም ነበር።"

ከርቲስ ከቫኑ ከወረደ ጀምሮ ባርኔጣውን አላወለቀም። እጁ ሳያውቀው ወደ ባርኔጣው ሄደ። ሮይስ ዶሮው ላይ አቀረቀረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ ከሁለተኛው ጎጆ የሆነ ጫጩት መጣ፤ በቁመት አባቱን አክሏል፣ ክንፉን እያርገፈገፈ አፉን ከፈተ። መላጣው አባት ከራሱ ቀንሶ አጎረሰው።

"ይሄን አክሎ ገና ይጎርሳል?" አለ ከርቲስ።

"አንተም እስከ ሠላሳ ዓመትህ ነበር።"

ከርቲስ ሳቀ። ሲስቅ ቆየና ዓይኑን በናፕኪን ጠረገ፤ ባርኔጣውንም አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ራሱ በመስኮቱ ብርሃን አበራ። ወፉም ቀና ብሎ አየው።

"እሺ" አለ በመጨረሻ። "አባዬ ይሁን። ወፍም ይሁን። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ክረምት ሲመጣ፣ በረዶው ላይ ደግመሽ ስትወድቂ፣ ማነው የሚያነሳሽ? እሱ ነው?"

እትዬ ቬርና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ተሰብሮ የነበረውን አንጓቸውን በሌላው እጃቸው ያዙ። ያን ጊዜ አሮጊት መሆናቸውን አየሁ። ቫኑ ደጅ ቆሟል፣ የኋላ በሩ እንኳ ተከፍቷል።

"አይወድቁም" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔ ነው። "በረዶ ከጀመረ እስኪያበቃ ሱፉን የማወጣው እኔ ነኝ። ከሥራ በፊት። እሳቸው ከመስኮት ወዲያ አይወጡም።"

ሮይስ ትን አለው። አፌ እኔን ሳያማክር እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ አያውቅም።

"በየቀኑ?" አለ ከርቲስ።

"በየቀኑ።"

"ይቺ?" አሉ እትዬ ቬርና። ድምፃቸው ትንሽ ተሰብሯል፤ ግን ተመልሷል። "ይቺ እኮ ታፈሳለች።"

ከርቲስ በማግስቱ የአባቱን መሰርሰሪያና ግማሽ የፖም ፓይ ጭኖ፣ የቀረውን ቫን ባዶውን ነድቶ ሄደ።

ቃሌን ጠበቅኩ። ከኖቬምበር ጀምሮ፣ የሮይስን ቡትስ አጥልቄ፣ ገና ሰማዩ ሳይገለጥ ኩባያ ይዤ እወጣለሁ። እትዬ ቬርና መብራት አብርተው፣ የሌሊት ካባቸውን ደርበው መስኮቱ ላይ ቆመው በጣታቸው ያዛሉ። ጥጉን ጥረጊ። ልጣጩን አራግፊ። ውሃውን እዪው። መስታወቱ ድምፃቸውን ያስቀረዋል ብዬ ነበር፤ አላስቀረም። ሥራ ስደርስ ጣቶቼ ማንኪያ አይጨብጡም። የማማርርበት ሰው አጥቼ ለድንች መላጫው ማሽን አማርራለሁ።

ፌብሩዋሪ ውስጥ አንድ ጠዋት ስወጣ መስኮቱ ጨለማ ነው።

ጠበቅኩ። አልበራም። ወፉ ሽቦው ላይ ነው፤ ጉትያው ከበቀለለት ቆይቷል፤ ችክ አለ፣ ደግሞ ችክ አለ። ኩባያው ከእጄ መቼ እንደወደቀ አላውቅም። ትርፍ ቁልፍ አለኝ። ደረጃው ላይ ወደቅኩ፣ በጉልበቴ ነው፣ ተነስቼ ገባሁ። ወጥ ቤቱ ቀዝቅዟል። እየተጣራሁ መኝታ ቤት ደረስኩ። በጀርባቸው ተኝተዋል፤ አፋቸው በትንሹ ተከፍቷል። ጠራኋቸው። አልመለሱም። ትከሻቸውን ያዝኩ።

አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ስንት ሰዓት ነው?"

"አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። መብራቱን ለምን አላበሩም?"

"ተኝቼ ነዋ።"

"እርስዎ በዚህ ሰዓት ተኝተው ያውቃሉ?"

"ስድስት ዓመት ሙሉ ከንጋት በፊት ስነሳ ኖርኩ። ዛሬ ነቃሁና ዳርላ አለች አይደል ብዬ ተመለስኩ።" ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ከአልጋው ሆነው ቁልቁል አዩኝ። "በላ?"

"አልበላም።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

ብርድ ልብሳቸውን ስበው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ወጣሁ። ሱፉን ከበረዶው ላይ በእጄ ለቅሜ ሳጥኑ ውስጥ አደረግኩና ወደ ኋላ ፈቀቅ አልኩ። ወፉ አልወረደም። ሽቦው ላይ ሆኖ ጨለማውን መስኮት ያያል፣ ደግሞ እኔን ያያል፣ ደግሞ መስኮቱን። ወደ መንገዱ ዞር ብዬ ተመለከትኩ። ሮይስ ገና አልተነሳም፤ የዴልበርትም መጋረጃ ወርዷል።

"ደህና ናቸው፣ አቶ ሎይድ" አልኩት። "እንቅልፍ ወስዷቸው ነው። እርስዎ ይብሉ።"